«ቀኑ ደርሶ ነው» ስንል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆቼ፤ ባለፈው ወር አጅማን ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ያረፈው ወንድማችን ሻርጃ ኢንደስትሪያል ኤርያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ገና 40 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ማታ ተኝቶ ጠዋት አልተነሣም። ወረቀቱ ልቡ መቆሙን ብቻ ይናገራል። የመጣው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» እያለ ያጽናናል፤ እኔም ብያለሁ። አብሮት ይኖር የነበረ ልጅ ግን ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ያ ሁሉ አቧራና ጭስ ቀኑን አላቀረበውም ይላሉ?» አለኝ። ያን ዕለት አልመለስኩለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በውጭ አየር ብክለት ምክንያት 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። እኛ የአየር ብክለት ሲባል ሳንባ ነው የሚታየን፤ ከነዚህ ሟቾች ከመቶ 68 ያህሉን የወሰደው ግን የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው። ፒ ኤም 2.5 የሚሉት ብናኝ ከጠጉር 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። አፍንጫ አያግደውም፤ በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፣ የደም ሥርን ይጎዳል፣ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። የረጋው ደም የልብን መንገድ ከዘጋ ልብን፣ የአንጎልን ከዘጋ አንጎልን ይመታል። ድርጅቱ በ2021 ያወጣው ልክ በዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፤ እዚህ የምንተነፍሰው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ከፊሉ ሻማል ሲነፍስ የምናየው የበረሃ አቧራ ነው፤ እሱን ማንም አልሠራውም። ከፊሉ ግን የመኪናው፣ የፋብሪካው፣ የግንባታው ነው።

እግዚአብሔር ቀናችንን ያውቃል። ማወቁ ግን እሱ አደረገው ማለት አይደለም። ቃየል አቤልን ሲገድል ያውቅ ነበር፤ ደሙን ግን ከቃየል ጠየቀ። «ቃየልስ እጁን አነሣ፤ ጭሱን ያነሣው ማን ነው?» የሚል ቢኖር ዘዳግም 22፥8ን ይመልከት። አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ጣሪያቸው እንደዚህ አገር ቤት ጠፍጣፋ ነበር፣ ሰው ይወጣበታል። ማንም ሳይገፋው አዳልጦት ቢወድቅ እንኳ ደሙ በባለቤቱ ቤት ላይ ነው፤ ሊወድቅ እንደሚችል ማሰብ ይችል ነበርና። ለፀሐዩ እዚህም እንዲህ ያለ መከታ ተሠርቷል፤ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰውን ደጅ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ብናኙ ግን የሚያርፍበት ሰዓት የለውም።

የጭስ ነገር የሚከብደው ባለቤቱ ብዙ በመሆኑ ነው። የወንድማችንን ልብ ያቆመው ብናኝ ነው ብዬ አልምልም፤ ሐኪምም ስለ አንድ ሰው ይህን ለመናገር ይቸገራል። ስለ ሚሊዮኖቹ ግን ተቆጥሯል። ሁላችንም የምንደበቀው እዚህ መካከል ነው፤ የአንዱ ስለማይታወቅ የሁሉም ደም ጠያቂ ያጣል። ደም ለሺህ ሰው ሲካፈል ይቀላል የሚል ትምህርት ደግሞ እኔ አልተማርኩም።

እኛስ? በአንድ ቤድ ስፔስ 6 እና 8 ሆነን፣ ኤሲው እንዳይወጣ መስኮት ዘግተን በከሰል ቡና እናፈላለን፤ ዕጣንም እንጨምርበታለን። (ማዳም ቤት የቡኹሩን ፍም ይዛችሁ ከክፍል ክፍል የምትዞሩ እኅቶች፣ እምቢ ማለት እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ በእናንተ ላይ የምጭነው የለም።) እኔም ጽና የምይዝ ሰው ነኝ። ዕጣኑን አልተውም፤ የአዳራሹን በር ከፍተን ብናጥን ግን ጸሎቱ አይቀንስም። አገር ቤትስ እናቶቻችን ማጀት ውስጥ ዓይናቸው ሲያለቅስ እንጂ ልባቸው ሲጎዳ ማን አየ?

ለዚያ ልጅ አሁን ልመልስለት። ልጄ፣ ቀኑን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ያቀረበው ሰው ካለ ግን ይጠየቅበታል። አንተም ደረትህን ሲጨንቅህ፣ አፍህ ሲጣመም ወይም አንድ ጎንህ ሲደነዝዝ «ያልፋል» ብለህ አትተኛ፤ 998 ደውል።

የወንድማችን አርባ በሚመጣው እሑድ ነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ መስኮቱም ይከፈታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።