አሸዋ ስለ ዋጣት ከተማ

አንባቢ ሆይ፥ ከተማን የሚያጸናት ምን ይመስልሃል? ድንጋይና ኖራ ነው ትል እንደ ሆነ፥ ዛሬ ናሚቢያ በሚባለው አገር፥ በባሕር አጠገብ ባለው ምድረ በዳ ያለችውን ኮልማንስኮፕን ተመልከት። ግንቧ ቆሞአል፤ የሚኖርባት ሰው ግን የለም።

በፈረንጅ ቁጥር በ1908 ዓመት፥ አገሩ በጀርመን እጅ ሳለ፥ ዘካርያስ ሌዋላ የሚባል ሠራተኛ በሉደሪትስ ወደብ አቅራቢያ ከባቡር ሐዲድ ላይ አሸዋ ሲጠርግ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ። ደብቆ ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ለአለቃው ለአውግስት ሽታውኽ አሳየው። አልማዝ ነበረ። ሽታውኽ ባለጠጋ ሆነ፤ ሌዋላ ግን ዋጋውን አልተቀበለም።

ከዚህ በኋላ ከተማይቱ ፈጥና አደገች። ሆስፒታል፥ ትምህርት ቤት፥ የጭፈራ አዳራሽ ተሠራባት። የሚጠጣ ውሃ ከሩቅ በሚመጣበት በዚያ በረሃ የበረዶ ፋብሪካ ቆሞ ለየቤቱ በረዶ ይታደል ነበር። ከሰሜን በውል የመጡት የኦቫምቦ ሠራተኞች ግን ተለይተው በሰፈር ይኖሩ ነበር። በሆስፒታሉም የራጅ መሣሪያ ነበረ፤ የተሰበረ አጥንት ለማየት ብቻ አይደለም፥ ሠራተኛው አልማዝ ውጦ እንደ ሆነ ሆዱን ለመመርመርም ነው ይባላል።

ወዳጄ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። ከተማይቱ የተገኘችው በአንድ ድኻ ታማኝነት ነው፤ የእርሱ ወንድሞች ግን እንደ ሌባ ተቈጠሩ።

በ1928 ዓመት በደቡብ፥ በኦሬንጅ ወንዝ መግቢያ አጠገብ፥ ከዚህ የሚበልጥ አልማዝ ተገኘ። ሰዎቹም ቤታቸውን እየተዉ ወደዚያ ሄዱ፤ የቀሩትም በ1956 ዓመት ወጡ።

ብዙ ሰባኪዎች ይህን የመሰለ ነገር ሲያገኙ ስለ ሀብት ከንቱነት ይናገራሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የማዕድን ጕድጓድ ሁሉ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። ነገር ግን በዚያች ከተማ ሰውን ከሰው ያስተሳሰረው ድንጋዩ ብቻ ነበረና፥ ድንጋዩ ሲያንስ ማሰሪያው ተፈታ። አንተስ፥ ነገ ደመወዝህ ቢቋረጥ፥ ከጎረቤትህ ጋር የሚያስቀርህ ምን አለ? ቤትህን የሚጠርገው፥ ውሃህን የሚቀዳው ሰው ስሙ ማን ነው? ዋጋውንስ በቀኑ ከፍለኸዋልን?

ዛሬ ወደ ኮልማንስኮፕ የሚመጡት ፎቶግራፍ የሚያነሡ መንገደኞች ናቸው። ነፋሱ በበሩና በመስኮቱ አሸዋ አስገብቶ፥ በአንዳንዱ ቤት እስከ ወገብ ይደርሳል። ሌዋላ ከሐዲዱ ላይ ይጠርገው የነበረው ያው አሸዋ ነው፤ አሁን የሚጠርገው የለም።