የመጨረሻዋ ሰዓት ለማን ትድረስ?

ባለፈው ዓመት የአንድ የሙያ ማኅበርን ዓመታዊ ጉባኤ ፕሮግራም እንድናወጣ ሦስት ሰዎች ተመረጥን፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ኤክሴል ትከፍታለህ፣ ስም እዚህ፣ ሰዓት እዚያ ትሞላለህ፣ አለቀ። ሁለት ቀን፣ ሁለት አዳራሽ፣ 40 ጥናት፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ሒሳቡ ይገጥማል።

ሒሳቡ ገጠመ። ግን በሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ቀረች። ጉባኤ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ያውቃታል። ሻዩ ተጠጥቷል፣ የምስክር ወረቀቱ ታድሏል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሰው ሻንጣውን ይዞ በር በሩን ያያል። ያቺን ሰዓት ማንም አይፈልጋትም፤ አንድ ሰው ግን የግድ ይወስዳታል።

እኛ ለአንዲት የማስተርስ ተማሪ ሰጠናት። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያኔ መልስ ነበረኝ፦ «ርዕሷ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም።» እውነቱ ግን ሌላ ነው። እሷ ብትቀየም ለእኛ ደውሎ የሚቆጣላት ሰው የላትም። ፕሮፌሰሮቹን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንደረድር ምክንያት ለመፈለግ አንድ ደቂቃ እንኳ አላጠፋንም። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ አምስት ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ አቀረበች። ከአምስቱ አንዱ እኔ፣ አንዱ የድምፅ ባለሙያው ነበርን። ጥናቷ ደግሞ ጥሩ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ያጠፋነው ምንድን ነው? ደንብ አልጣስንም። ማንም ሰው 3 ሰዓት ላይ የማቅረብ መብት የለውም። 11 ሰዓት ላይ አንድ ሰው መቆም ነበረበት፤ እሷ ባትሆን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ በደሉ ያለው በሰጠነው ምክንያት ላይ ነው። የፈራነውን ፍርድ አስመሰልነው።

ይህ የእኛ ትንሽ ጉባኤ ችግር ብቻ አይደለም። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዛሬ ኒውሪፕስ የሚባለው ትልቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ አዘጋጆች ራሳቸውን ፈተኑ። ከቀረቡላቸው ጥናቶች ውስጥ 166ቱን ለሁለት የተለያዩ ኮሚቴዎች ሰጡ፤ አንዱ ኮሚቴ የሌላውን ውሳኔ አያይም። በ43ቱ ላይ ኮሚቴዎቹ አልተስማሙም። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ጥናት በሁለቱም ዘንድ ውድቅ የሚሆን ስለሆነ፣ አንዱ ኮሚቴ ከተቀበላቸው ግማሽ ያህሉን ሌላው ጥሏቸዋል ማለት ነው። በጣም ደካማው ይለያል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ማን እጅ ላይ እንደወደቀ ነው የሚወስነው። «ጥናትዎ የጉባኤውን ደረጃ ስላላሟላ» የሚል ደብዳቤ የደረሳችሁ ልጆች፣ ምናልባት የደረሳችሁ የዕጣ ውጤት ነበር። ብቻ ዕጣ መሆኑን የነገራችሁ የለም።

ታዲያ ለምን በግልጽ ዕጣ አናወጣም? እኛ እኮ ለዕጣ እንግዳ አይደለንም። እቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው ለሌላ ሲወጣ አይዋረድም። «አንተ ስለማትረባ ነው ያልወጣልህ» የሚለው የለም። ዕጣ ክብር አይነካም፤ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። የውሸት ፍርድ ግን ሰዓቱንም ክብሩንም አንድ ላይ ይወስዳል።

ይህን ሐሳብ ዘንድሮ ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ፍርዳችን እስከሚያስኬደን በፍርድ እንሂድ፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን በዕጣ እናድርገው፤ ፕሮፌሰሮቹም ይግቡበት፣ እኛም እንግባበት አልኩ። አንድ አንጋፋ መምህር ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔንም በዕጣ?»

«አዎ ጋሼ። እኔም አለሁበት።»

ዝም አሉ። ቀጥለው ያሉት ግን ሐሳቤን አናጋው፦ «11 ሰዓት ለእኔ ቢደርሰኝ እኮ ሰው ይጠብቀኛል። ለልጆቹ ከደረሰ ግን ማን ይጠብቃቸዋል?»

ሲናገሩት ለራሳቸው ሰዓት የሚከራከሩ ነበር የመሰለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የእኔን ዕጣ የሚያፈርስ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ዕጣ ሁሉንም እኩል የሚያየው ሸክሙ ለሁሉም እኩል ሲከብድ ነው። እቁብ ላይ ቢዘገይም የሚደርሰው ገንዘብ ያው ነው። 11 ሰዓት ግን ለሁሉም አንድ አይደለችም። ስም ላለው ሰው ትንሽ ድካም ናት፤ ስም ለሌለው ባዶ አዳራሽ ናት። ሰዓቷን መጥፎ ያደረጋት ሰዓቷ ራሷ ሳትሆን፣ ሁልጊዜ ማንም ለማይጠብቀው ሰው መስጠታችን ነው።

ስለዚህ አሁን የማምነው እንዲህ ነው። መለየት የምንችለውን በሐቅ እንለይ። መለየት ያቃተንን ዕጣ ብለን በስሙ እንጥራው፤ ለወደቀውም እንዲያ ብለን እንጻፍለት። ከዚያ የሚቀረውን ሸክም ግን ዕጣ ውስጥ አንክተተው፤ ብዙ ሳይከብደው ሊሸከመው ለሚችል ሰው እንስጠው። ፕሮግራም ማውጣት ማለት የሰውን ጆሮ ማደል ነው። ጆሮ ለሞላለት ሰው ጆሮ መጨመር ደግሞ ማንም የሚችለው ሥራ ነው፤ ኮሚቴ አያስፈልገውም።

በማግስቱ ለጋሼ ደወልኩና ዕጣውን ትቼ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። የመጨረሻውን ቀን፣ 11 ሰዓት ይውሰዱልኝ አልኳቸው። ትንሽ ሳቁና «ከእኔ በፊት ያሉት ልጆች ስንት ናቸው?» አሉ።

«አራት።»

«እንግዲያው በጊዜ እመጣለሁ» አሉኝ።