ተራው የማን ነው?

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ያህል ልቡ ጎድሎበት ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1938 ቦስተን ላይ ሐኪሙ ሮበርት ግሮስ፣ ከልደት በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረ የደም ቧንቧ ቋጥሮ የሰባት ዓመት ልጅ አዳነ። ከዚያ ወዲህ «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም።

ጓደኞቼ፣ እስቲ ይህን እንፍረድ። ያለው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አንድ ነው እንበል። አንዱ ሕፃን ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ላይተርፍም ይችላል። በዚያው ቀን ልባቸው ላይ ቀዳዳ ያለባቸው ሁለት ልጆች ይድናሉ። ማን ይቅደም?

«ሁለት ከአንድ ይበልጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ እንዳይሆን» የሚል አለ። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን እስቲ ለእናቲቱ ሄደህ ንገራት! ልጇ የሚቀረው ይበልጥ ስለታመመ ነው ማለት እኮ ነው።

«እንግዲያው መጠበቅ የሚችል ይጠብቅ» እላለሁ። ይህም ቢሆን ገደብ አለው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ዓመታት ሲያልፉ የሳንባው የደም ሥሮች ይደድራሉ፤ ያን ጊዜ መድፈኑ አይረዳም። ማስጠበቅም መፍረድ ነው።

ልጆቻችን ለዚህ ሕክምና ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፈተ፤ በሩ ሰፋ እንጂ ሰልፉ አላለቀም። ስለዚህ ሐኪሙን «ለምን ይህን መረጥክ?» ከማለታችን በፊት፣ ሕክምና የምንማረውም ሂሳብ የምንማረውም «ጠረጴዛው ለምን አነሰ?» እንበል። ለዚህኛው መልስ መስጠት ያለበት ሐኪሙ ብቻ አይደለም።