በሁለቱም ልብህ

ንባብ፦ ዘዳግም 6፥4-9፤ ማርቆስ 12፥28-44

እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ የሚለውን ትእዛዝ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን። የት ሆኖ፣ ለማን እንደተነገረ ግን ብዙም አናስብም። ዘዳግም 1፥3 ላይ ብታዩ ዘመኑ ተጽፏል፤ ከግብፅ በወጡ በአርባኛው ዓመት፣ በአሥራ አንደኛው ወር። ቦታው ከዮርዳኖስ ማዶ ሞዓብ ነው። እንግዲህ ሰሚዎቹ የድንኳን ሰዎች ናቸው። ወላጆቻቸው መንገድ ላይ አልቀዋል፤ የሚገቡበትን አገር ከወንዝ ማዶ ያዩታል እንጂ አልረገጡትም። እርግጥ ሕጉ ለሚገቡበት አገርም ነው። ነገር ግን ቁጥር 6 ላይ «ዛሬ» የሚል ቃል አለ። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት እኛ ሰፈር «ከወጣሁ በኋላ» የሚባል ነገር ስላለ ነው። ፕሮሰሴ ይለቅ እንጂ አገለግለዋለሁ፣ አንድ ቦታ ልረፍ እንጂ እጸልያለሁ፣ እንላለን። ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ማለቱ አይገርምም። ግን ዓመቱ እየሄደ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ልባችን እኮ አንድ ቦታ የለም። ግማሹ አገር ቤት እናት ጋ ነው፤ ግማሹ ካናዳ ወይ አውስትራሊያ ቀድሞን ሄዷል። ካርቱም የኖራችሁ ሞግረንን ታስታውሳላችሁ፤ ከእኛ አገር የወረደው ጥቁር ዓባይና ነጩ ዓባይ የሚገናኙበትን። ውኃዎቹ ተገናኝተውም ወዲያው አይደባለቁም፤ ቀለማቸው እንደተለያየ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የብዙዎቻችን ጸሎት እንዲያ ነው። ታዲያ እንዲህ የተከፈለ ልብ እንዴት «ፍጹም» ይሆናል? አንዳንድ ሰባኪ፣ ናፍቆቱ ራሱ ጣዖት ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቱን የማይናፍቅ ልብ ሙሉ ሳይሆን ደንዳና ነው።

የጥንት የአይሁድ መምህራን በዚህ ቃል ላይ የተናገሩት ይረዳናል። በዕብራይስጡ «ልብህ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ላይ «ቤት» የሚባለውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይዞ ተጽፏል። እነሱም ሲተረጉሙት፣ ሰው ሁለት ዝንባሌ አለው፤ ወደ በጎ የሚስበውና ወደ ክፉ የሚስበው፤ በሁለቱም ውደደው ማለት ነው አሉ። የፊደሉን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወው። ሐሳቡ ግን ልብ የሚያሳርፍ ነው። ትእዛዙ ልብህን አንድ አድርገህ ና አይልም፤ ያለህን ሁሉ፣ የማይታዘዝህንም ጭምር ይዘህ ና ይላል። መዝሙር 86፥11 በዕብራይስጡ ልብን አንድ የሚያደርገው እግዚአብሔር እንዲሆን የሚለምን ጸሎት ነው። የሚለምን ሰው ደግሞ ገና አልተሰጠውም።

እነዚሁ መምህራን «ኃይልህ» የሚለውን ገንዘብህ ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር የዓመታት ላቡን በር ላይ ቆልፎ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ የምን ገንዘብ! ግን ማርቆስ 12ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ስለ ታላቁ ትእዛዝ ከጠየቀው ጸሐፊ በኋላ፣ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ ሁለት ሳንቲም ብቻ ያላት መበለት ትመጣለች። «ሁሉ» የሚለው ቃል በተግባር የታየው እሷ እጅ ላይ ነው።

አሁን ሁላችንም በሹክሹክታ ወደምናወራው ነገር ልምጣ። ኢንተርቪው። «ታሪክህ ደካማ ነው፣ ወፈር ያለ ልስራልህ» የሚል ሰው አይጠፋም። ልጁ የታመመችበት አባት ምን ያድርግ? ብዋሽ እግዚአብሔርን አልወደውም ማለት ነው? ብሎ ቢጠይቅ በአንድ ጥቅስ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። እኔ ግን ውሸቱ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር አለመሆኑን ልንገረው። ሚስት ታጠናዋለች፤ ልጆች ያጠኑታል፤ የሞተ ያልነው አጎት ሲደውል ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ሰውየው ሊጸልይ ሲንበረከክ በየትኛው ስሙ ይጸልያል? ልብ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ናፍቆት ለእግዚአብሔር ክፍት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይሄኛው ግን እሱ እንዳይገባ የተቆለፈ ክፍል ነው። ሌላም አለ። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች በአንድ ዓመት ወደ ሦስተኛ አገር የሚወሰዱት ከመቶ አንድ አይሞሉም። በተሠራ ታሪክ የተያዘው ቦታ፣ የደረሰባትን አፍራ መናገር ያቃታት እህት ቦታ ሊሆን ይችላል። ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ከመጀመሪያው ጋር ተያይዞ የተነገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህም ሆኖ ድንጋይ አልወረውርም፤ የጨነቀው ያውቀዋል። ደግሞ አትዋሽ ብሎ መክሮ ለልጅቱ መድኃኒት የማያዋጣ ኅብረት ትእዛዙን ገና ግማሽ ድረስ ነው ያነበበው። እሱን በእውነቱ አቁመነው፣ የእውነቱን ዋጋ ለብቻው እንዲከፍል ከተውነው ጥፋቱ የማን ነው?

የቀረው ኑሮ ነው። ዘዳግም 6፥7 ቃሉን የምንናገርባቸውን ጊዜያት ይቆጥራል፤ ቤት ስንቀመጥ፣ መንገድ ስንሄድ፣ ስንተኛ፣ ስንነሳ። ከአራቱ አንዱም የጸሎት ቤት አይደለም። ካርቱም መንገድ ዳር ሻይና ዝንጅብል ያለበት የጀበና ቡና የሸጣችሁ እህቶች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ተነስቶ ከሰል ማያያዝ፣ ከሻ መጣ ሲባል ዕቃ ሰብስቦ መሮጥ፣ ከዚያ ተመልሶ ለደንበኛው መልሱን ሳያጎድሉ መስጠት። መልሱን መቁጠር እንኳ የዚህ ፍቅር አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ውኃ ወረፋ ላይ ጄሪካን የማስቀደሙም ነገር እንዲሁ። (ወረፋው ላይ የሚሆነውን እያየሁ ነው የምጽፈው።)

ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ እኛ የኛ ነው እንላለን። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ህንደኬ የሚለው ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ ዓባይ ዳር በነበረችው በመርዌ የነገሡ ንግሥቶች መጠሪያ ነበር ይላሉ። እኔ አልጣላም፤ ጎረቤት ነን። ሰውየው በመንገድ ላይ፣ ሠረገላው ውስጥ ሆኖ፣ ያልገባውን መጽሐፍ ሲያነብ ነው የተገኘው። ተጠምቆ ሲያበቃም ፊልጶስ ሥራህን ተው እንዳለው አልተጻፈም። ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርና ሲደርስ የሚጠብቀው ያው የገንዘብ ሣጥንና የሒሳብ መዝገብ ነው። ያን ሳምንት እንዴት እንደሠራ ሉቃስ አልነገረንም።