በሰሊሆም የወደቀው ግንብ

ንባቡ ሉቃስ 13፣ ከቁጥር 1 እስከ 9 ነው። ሰዎች ወደ ጌታ መጥተው ጲላጦስ በመሥዋዕታቸው ላይ ሳሉ የገደላቸውን የገሊላ ሰዎች ወሬ ነገሩት፤ ደማቸው ካቀረቡት መሥዋዕት ጋር ተቀላቅሏል። እርሱ ሟቾቹ ከቀሩት ገሊላውያን የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ነገራቸው። እነርሱ ያላነሡትንም ጨመረ፤ በኢየሩሳሌም፣ በሰሊሆም፣ ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከከተማው ሕዝብ የከፋ ዕዳ አልነበረባቸውም። ሁለቱንም ጊዜ ያስከተለው ቃል ግን ለቆሙት ነው፤ ንስሐ ካልገቡ ጥፋታቸው እንደዚያው ነው።

ወሬውን ለምን አመጡት ቢሉ፣ ፍርድ ሊሰሙ ነው። ሟቹ ኃጢአተኛ ከተባለ የተረፈው ጻድቅ ይሆናል፤ ከሞት ያመለጠም ሰው የማምለጡን ምክንያት ከራሱ ምግባር ቢያገኘው ይወዳል። አንድም፣ ገሊላዊ ነውና ለወገኖቹ ደም ምን ይል ይሆን ብለው ሊሰሙት ነው። ይህን ሁለተኛውን እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ትርጓሜው፦ በደረሰበት መከራ የሰውን ኃጢአት አትመዝኑ ሲል ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 28 በረከትን ከመታዘዝ፣ መርገምን ካለመታዘዝ ጋር አያይዞ ተናግሯል። ያ ለሚሰማው ሕዝብ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነበር። የኢዮብ ወዳጆች ግን ገልብጠው አነበቡት፤ ተመትተሃልና በድለሃል አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው፤ አምላክን እየተከላከልን ነው ብለው በቆሰለ ሰው ላይ የመሰከሩት እነርሱ ናቸውና።

አንድም፦ ጌታ ሁለት ዓይነት ሞት አንሥቷል፤ አንዱ ከገዥ ሰይፍ፣ አንዱ ከድንጋይ የመጣ። ለሰይፉ ተጠያቂው ይታወቃል። ለግንቡስ ማን ይጠየቃል? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ቦታ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሯል። ከሥሩ ቤት የሠሩት ሌላ መኖሪያ ለማግኘት አቅም ያጠራቸው ነበሩ። የማን ኃጢአት ነው ቢባል፣ ክምሩ ከከተሜው ሁሉ ደጅ የወጣ ነው፤ የወደቀው ግን በጥቂት ድሆች ላይ ነው። እንግዲህ ኃጢአትና መከራ ዝምድና የላቸውም አልልም፤ አላቸው። በዳዩ አንድ፣ ተመቺው ሌላ መሆኑ ነው ፍትሕን የሚያስጮኸው። ጌታ ንስሐን ከቆሙት የጠየቀው ስለዚህ ይመስለኛል።

አንድም በታሪክ፦ በ70 እ.ኤ.አ. የሮም ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቦ አጠፋት፤ ቅጥሯና መቅደሷ ፈረሱ፣ ብዙ ሕዝቧም በሰይፍና በፍርስራሽ ሥር አለቀ። ጥፋታችሁ እንደዚያው ነው ያለው ለዚህ ነው ያሰኛል፤ ከዘመኑ ጋር ይስማማል። ብቻውን ሲነገር ግን አልወደውም። ያንኑ ጥፋት አስቀድሞ አይቶ በከተማይቱ ላይ ማልቀሱን ሉቃስ በምዕራፍ 19 ጽፏል። እንባውን ትቶ ትንቢቱን ብቻ የሚያነሣ ሰው እንደገና ወደ ኤልፋዝ ጉባኤ ይገባል።

ወዲያው የበለሷ ምሳሌ ይከተላል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ አጥቶባታልና ትቆረጥ አለ፤ አትክልተኛው ዘንድሮን ታገሣት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩት፣ ፍግም ላፍስባት አለ። የባለቤቱ ቃል ፍትሕ፣ የአትክልተኛው ፍቅር ነው ቢሉ ያስኬዳል፤ ነገር ግን በአንድ አምላክ ዘንድ የሚጣሉ ሁለት ፈቃዶች የሉም። አትክልተኛው ፍርዱ ሐሰት ነው አላለም። ጊዜ ለመነ፤ በተሰጠውም ጊዜ ሊደክም ቃል ገባ። ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደሆነ ወንጌሉ አልጻፈም።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ነገሩን አልቀመሰውም። ለፍሬ ቢሷ በለስ የተሰጠው ዓመት ለጲላጦስም ተሰጥቷል። በደለኛ ንስሐ እንዲገባ ዕድሜ ሲጨመርለት የተበደለው ደግሞ ያን ዕድሜ ሁሉ ይሸከመዋል። ለአንዱ ትዕግሥት የሆነው ለሌላው የመከራ መርዘም ነው። ታዲያ የዚህን ትዕግሥት ዋጋ የሚከፍለው ማነው?

አንድም፦ ስለዚህ ያቆየነውን እናንሣ። ወሬ ነጋሪዎቹ ያናገሩት ገሊላዊ፣ ጥቂት ቆይቶ በዚያው በጲላጦስ ፊት ቆመ። ጲላጦስ ሰውየው ገሊላዊ ነውን ብሎ ጠየቀ፤ እንደሆነም ሲያውቅ የገሊላ ገዥ ወደ ነበረው ወደ ሄሮድስ ላከው። ሁለቱ ገዥዎች ቀድሞ ተጣልተው ነበርና በዚያ ቀን ታረቁ። ጠባቸው የመጣው በእነዚያ በተገደሉት ገሊላውያን ምክንያት ይሆናል የሚሉ አሉ። ወቅቱም የፋሲካ ነበር፤ በግ የሚታረድበት። የገሊላውያኑ ደም ከመሥዋዕታቸው ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ የእርሱ ደም ግን ራሱ መሥዋዕት ሆነ። በሰው ሁሉ ላይ የሚፈርደው ጌታ፣ በአንድ ገዥ እጅ ከሞቱት ገሊላውያን ጋር ተቆጠረ። ለበደለኞች የተሰጠውን ዓመት ዋጋ ከተበደሉት ጋር አብሮ ከፈለ፤ በመስቀል ላይም ሳለ ለሰቀሉት ይቅርታ ለመነ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍቅሩን እናያለን፣ ፍትሑን አናይም ነበር፤ አብሮ የሚሞት አምላክ ያጽናናል እንጂ አያድንም። በሦስተኛው ቀን መነሣቱ ግን የጲላጦስን ፍርድ ሻረ። ለተገደለ ሰው ሙሉ ፍርድ ማለት የገዳዩ መቀጣት ብቻ አይደለም፤ የተወሰደበት ሕይወት ሊመለስለት ይገባል። ይህን የሚችል ዳኛ አንድ ነው። የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን የምንለው ለዚህ ነው፤ ያለ እርሱ ስለ እግዚአብሔር ፍትሕ የምናወራው ሁሉ ለ18ቱ ሰዎች ምንም አይፈይድም።

አንድም፦ ሰሊሆም በዮሐንስ 9 እንደገና ትነሣለች። ደቀ መዛሙርቱ ሰውየው ዕውር ሆኖ እንዲወለድ ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም ነፃ አወጣ፤ በዓይኑ ላይ ጭቃ ቀባው፣ በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብም ላከው። የመጠመቂያው ደረጃዎች በ2004 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በቁፋሮ ተገኝተዋል። ግንቡ የወደቀበት ሰፈር ዓይን የበራበትም ነው።

እነዚህ አንድምታዎች ልጇ በክምሩ ሥር ለቀረባት እናት መልስ ናቸው አልልም። ለምን የእኔ ልጅ ብላ የምትሟገተው ከእግዚአብሔር ጋር ነው፤ ኢዮብም የተሟገተው ከእርሱ ጋር ነበር፤ እኛ በመካከል ገብተን የምንመልስላት ነገር የለንም። ነገር ግን ልቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟችን ኃጢአት የሚቆጥር ሰው ብትሰሙ፣ የተማረም ቢሆን፣ የተከበረም ቢሆን፣ አስቁሙት፤ ጌታ ራሱ አስቁሟልና።