የወላጅ መሥዋዕት ዕዳ ነውን?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ ልጅ ከሕፃንነቱ እስከ ኮሌጅ የሚሰማው ነገር አለ፤ «ለእናንተ ብለን ነው የተሰደድነው»። እውነት ነው። ዲቪ ደርሶት የሄደ መምህር ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ እናት ቀን ሆቴል፣ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ትውላለች፣ ታድራለች፤ ከዚያው ላይ ተቆርጦ ለአገር ቤት ዘመድ ይላካል። ይህ ሁሉ ድካም ልጁ መልሶ የሚከፍለው ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ዕዳ ነው ብሎ ያመነ ተማሪ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው፣ መኖር ሲያስጠላው ሕመሙን እንደ ሕመም አያየውም፤ ውለታ ቢስ የሆነ ይመስለዋል። «ምን ጎደለብህ?» መባሉን ስለሚያውቅም ይደብቃል፤ ተደብቆም ይብስበታል።

ኃላፊነት ልጅን ያጸናል የሚሉ ወላጆች ማስረጃ አላቸው። ተመራማሪው አንድሩ ፉሊኒና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የቤተሰብ ግዴታን ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው እኩዮቻቸው አጥብቀው እንደሚይዙ፣ ግዴታውም ከመልካም ግንኙነትና ከትምህርት ትጋት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይቷል። የእኛ ልጆች በጥናቱ ባይኖሩም የቤቱ ሥርዓት ይመሳሰላል። ያው ጥናት ግን ግዴታው ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማቸው ተማሪዎች ውጤት ግዴታው እምብዛም ከማይሰማቸው ጋር እኩል ወይም ከዚያም ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ኃላፊነት የሚያጸናው እስከ ልክ ድረስ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ሸክሙ የተሸከመውን ይጥላል። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጄን ኢንግሊሽ በ1979 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፏ ያደጉ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚከፍሉት ዕዳ እንደሌለባቸው፣ የሚያደርጉላቸው ሁሉ ከመካከላቸው ካለው ፍቅር እንደሚመነጭ ተከራክራለች። ክርክሩ ለጆሯችን ሻካራ ነው። ነገር ግን ዕዳ ሲከፈል ያልቃል፤ የትኛውም እናት ልጇ ከፍሎ እንዲጨርስና እንዲሰናበታት አትመኝም።

«ይህ የፈረንጅ ግለኝነት ነው፤ አባትና እናትህን አክብር ተብሏል» ለሚል ሰው መልሱ ያለው እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ማክበር ታዟል፤ ደኅና መስሎ መታየት ግን የትም አልታዘዘም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ገንዘብ ማከማቸት የሚገባው ወላጅ ለልጅ እንጂ ልጅ ለወላጅ እንዳልሆነ ይናገራል። ኤልያስ ደግሞ በቀርሜሎስ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኗል። እምነት አልጎደለውም። መልአኩም አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ዳግመኛ እንዲተኛ ተወው፣ ቀጥሎም ቀስቅሶ እንደገና መገበው። ተግሣጽ ሳይቀድም ምግብና እንቅልፍ የተሰጠው ነቢይ ነው እንግዲህ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ይህን ያህል ርኅራኄ የሚነፈገው በምን ምክንያት ነው?

ከሁሉ የሚከብደው «ጸሎትና ጠበል እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። በጠበል የሚጽናና ሰው መጽናናቱ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ከቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርን ያዛል፣ መድኃኒትንም የፈጣሪ ሥራ ያደርገዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ሃይማኖታዊ ምክንያት አላገኘሁም፤ የማገኘው ኀፍረትን ነው። በቡታጅራ አካባቢ ተጠንቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ የአእምሮ ሕመምተኛ ካላቸው ቤተሰቦች ሦስት አራተኛው መገለል እንደሚሰማቸው መናገራቸውን መዝግቧል። ያ ኀፍረት ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ተሻግሯል። በስደት ቤት የሚሰማ ድምፅ ያላቸው ደግሞ የንስሐ አባት ናቸው። ቄሱ እናትና አባትን ለብቻ አስቀምጠው፣ ልጁ ኮሌጁ ውስጥ ወዳለው የምክር አገልግሎት ቢሄድ ክህደት እንደማይሆንበት፣ የእነርሱም ድካም በዚያ ምክንያት ከንቱ እንደማይቀር ቢነግሯቸው፣ ልጁ ብቻውን በዓመታት የማያገኘውን ፈቃድ በአንድ ቀን ሊያገኝ ይችላል።