የናቡቴ ርስት በዴድውድ

ቀማኛ የቀማውን ነገር ዘግይቶ ዋጋውን ቢከፍል፣ ቅሚያው ግዢ ይሆናል? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ዴድውድ ነው።

ዴድውድ በሳውዝ ዳኮታ፣ ጥቁር ኮረብቶች በሚባለው ጥዳማ አገር፣ በጠባብ ሸለቆ የተሸጎጠች የወርቅ ከተማ ናት። የባለቤቴ ወንድም የቁማር ማሽኖቿን ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ የምነዳለት ሾፌሩ ነኝ። እሱ ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ እኔ ከጎብኚው ጋር እዞራለሁ።

አስጎብኚው ጨዋታ አዋቂ ነው። ዋይልድ ቢል ሂኮክ የተባለው ስመ ጥር ተኳሽ በኦገስት 2 ቀን 1876 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በአንድ ቡና ቤት ካርታ ሲጫወት ጃክ ማኮል የተባለ ሰው ከኋላው ተኩሶ እንደገደለው፣ በሟቹም እጅ ሁለት ጥቁር አስና ሁለት ጥቁር ስምንት እንደነበር ይተርካል። የካርታው ነገር ተረት ሳይሆን አይቀርም፤ በመጽሐፍ የሰፈረው ሰውየው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ የቡና ቤቱን ስም የያዘው ቤትም ግድያው የተፈጸመበት ቦታ ላይ አይደለም። ግን ማን ግድ አለው? ሰው ፎቶ ይነሳል።

ሂኮክ የተቀበረው ከከተማዋ በላይ ባለው የመቃብር ቦታ ነው። ስሙ ሞሪያ ተራራ ይባላል። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣበትን ተራራ ስም ለቁማርተኛ መቃብር መስጠት የወርቅ ፈላጊ ድፍረት ነው። ከሂኮክ አጠገብ ካላሚቲ ጄን የተባለችው የዘመኑ ዝነኛ ሴት ተቀብራለች። እዚያው ሄንሪ ዌስተን ስሚዝ የተባለ ሰባኪም አለ፤ ወደ ክሩክ ሲቲ ሊሰብክ እንደሄደ የሚናገር ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ወጣ፣ መንገድ ላይ ተገደለ። ከሂኮክ ሞት በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጎብኚው ግን የሚሰበሰበው ቁማርተኛው ጋ ነው።

እኔን ያስገረመኝ የማኮል ፍርድ ነው። ወርቅ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ባቋቋሙት ችሎት ነፃ ለቀቁት። በኋላ ግን ያንክተን በተባለች ከተማ ሁለተኛ ጊዜ ተከሰሰ። አንድ ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ እንዴት ይዳኛል? መልሱ ቀላል ነበር፦ ዴድውድ በ1868 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የላኮታዎች ተብሎ በታወቀ መሬት ላይ ያለች ሕገ ወጥ ሰፈር ናት፤ ስለዚህ የቆፋሪዎቹ ችሎት ችሎት አይደለም። ማኮል ማርች 1 ቀን 1877 ተሰቀለ።

ከመሰቀሉ በፊት በነበረው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ጥቁር ኮረብቶችን ከላኮታዎች የወሰደው ሕግ ጸደቀ። መሬቱ የማን እንደሆነ ለገመዱ ሲያስፈልግ ታወሰ፤ ለወርቁ ሲያስፈልግ ተረሳ።

የአወሳሰዱን ነገር ሳነብ፣ የአባቶቹን ርስት የወይን ቦታ ለንጉሥ አክዓብ አልሸጥም ብሎ የተገደለው የመጽሐፍ ቅዱሱ ናቡቴ ፊቴ ድቅን አለ። አክዓብ መጀመሪያ ገንዘብ አቅርቦለት ነበር። ለላኮታዎችም በ1875 ስድስት ሚሊዮን ዶላር ቀርቦላቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። በዓመቱ ኮንግረስ መሬቱን ካልለቀቃችሁ ቀለብ የለም አለ። በ1868ቱ ውል መሠረት መሬቱን ለመልቀቅ ከአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛው መፈረም ነበረበት፤ የፈረመው ከአሥር አንድ ያህል ነው።

የናቡቴ ታሪክ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። አክዓብ ኋላ ተጸጽቶ ማቅ ለብሷል። ግን የወይኑን ዋጋ እስከ ወለዱ ለናቡቴ የልጅ ልጆች ቢልክላቸውስ? ይህ በ1980 ሆነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ያለ ተገቢ ካሳ መወሰዱን አረጋግጦ፣ ከ1877 ጀምሮ ከታሰበ ወለድ ጋር ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል አጸና። ላኮታዎች አልተቀበሉም። ገንዘቡ በመንግሥት ሒሳብ ተቀምጦ ወለድ እየወለደ ከቢሊዮን አልፏል።

ማታ ስንመለስ ይህን ለባለቤቴ ወንድም ነገርኩት።

«ጋሼ፣ የተቸገረ ሰው ቢሊዮን ይመልሳል?» አለኝ። «ወስደው ልጆቻቸውን አያስተምሩም?»

የዋዛ ክርክር አይደለም። የላኮታዎቹ መኖሪያ ፓይን ሪጅ ከአሜሪካ እጅግ ድሃ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ረሀብን ከሩቅ ሆኖ ክብር ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ልመልስ ያለው ገንዘብ ለወሰደባቸው ሰዎች ገንዘብ ነው። የአባት አጥንት ያረፈበትን ርስት የወሰደ ሰው ገንዘብ ሲሰጥ መመለሱ አይደለም፤ ሻጩ ሳይስማማ ገዢ መሆኑ ነው። ያን ቼክ መቀበል «ሸጥን» ብሎ መፈረም ነው፤ ላኮታዎቹም እምቢ ያሉት ለዚህ ነው። በእኔ ፍርድ ትክክል ናቸው።

ይህን የምለው ከንጹሕ ወንበር ላይ ሆኜ አይደለም። ቤቴ ያለበት አውሮራም በ1851 ውል የሸያንና የአራፓሆ ሕዝቦች አገር ተብሎ የታወቀ ነበር፤ በ1858 እዚያ አካባቢም ወርቅ ተገኘ።

ዴድውድ የምትሄዱ ካላችሁ፣ አስጎብኚው የሂኮክን ካርታ ቆጥሮ ሲጨርስ እጃችሁን አውጡና ስለ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1877 ጠይቁልኝ።